ክኒኑ የሚያክመው ሆዱን ነው ወይስ ጉዞውን? የተጓዦች ተቅማጥ መመሪያ ሲፈተሽ

መንገድ ላይ ሆዱ የተበላሸበት ሰው ምክር አያጣም። ችግሩ ምክሮቹ ሁለት መሆናቸውና እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። አንደኛው ወገን «ተወው ይውጣ፤ መርዙን ሆድህ ውስጥ አታፍነው» ይላል። ሌላኛው ወገን «አንድ ክኒን ዋጥ አድርግና ጉዞህን ቀጥል» ይላል። ሁለቱም በልበ ሙሉነት ነው የሚናገሩት። የሚገርመው ሁለቱም ከኋላቸው እውነተኛ ሳይንስ አላቸው፤ ለማይገባው ሰው ከተነገሩ ደግሞ ሁለቱም ይጎዳሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ እንደ ዳኛ የሚጠቀስ አንድ ሰነድ አለ። ዓለም አቀፉ የጉዞ ሕክምና ማኅበር የሰበሰባቸው ባለሙያዎች አዘጋጅተውት በ2017 እ.ኤ.አ. «ጆርናል ኦፍ ትራቭል ሜዲስን» በተባለው መጽሔት የታተመ መመሪያ ነው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለተጓዦች የሚያዘጋጀው «ቢጫው መጽሐፍ»ም የዚህኑ መመሪያ አከፋፈል ይጠቀማል። ስለዚህ ሰነዱን ባታውቁትም እንኳ የሱን ቃላት ሰምታችሁ ይሆናል፦ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ»።

ይህ ጽሑፍ ያንን መመሪያ ይፈትሻል። ሰነዱ ጥሩ ነው፤ ከእሱ በፊት ከነበረው የተሻለ ነው። ነገር ግን መለያየት የነበረባቸውን ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። አንደኛው «ይህን ክኒን ብወስድ ይጎዳኛል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህ ክኒን ያስፈልገኛል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስለ አንጀት የሚጠይቅ ሲሆን ሁለተኛው ስለ መንገዱ ይጠይቃል። ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ነው አደጋው የሚመጣው።

ከቆጠራ ወደ ኑሮ

ከጥሩ ጎኑ እንጀምር። ለረጅም ዓመታት ተመራማሪዎች የተጓዥን ተቅማጥ የሚለኩት በቆጠራ ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ከወጣ፣ አብሮትም እንደ ሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ያለ ምልክት ካለ፣ «የተጓዥ ተቅማጥ» ይባላል። ለጥናት ቆጠራ ይመቻል። ለታማሚው ግን ብዙም አይነግረውም። አራት ጊዜ ተመላልሶ ሥራውን የሚጨርስ ሰው አለ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ወጥቶ ከአልጋው መነሳት የሚያቅተውም አለ።

የ2017ቱ መመሪያ ቆጠራውን ትቶ ኑሮን መለኪያ አደረገ። ሰውየው የሚችለውና ዕቅዱን የማያደናቅፍበት ተቅማጥ «ቀላል» ነው። የሚያስጨንቀው ወይም ዕቅዱን የሚያደናቅፍበት «መካከለኛ» ነው። አቅም የሚያሳጣው ወይም ያሰበውን ሁሉ የሚያስቀርበት ደግሞ «ከባድ» ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሆነ፣ ሌላው ምልክት ምንም ይሁን ምን፣ ከከባዱ ይመደባል።

ሕክምናውም ይህንኑ ተከትሎ ይወርዳል። ለቀላሉ አንቲባዮቲክ አይመከርም፤ እንደ ሎፔራማይድ ያለ ተቅማጥ ማስታገሻ ግን ሊታሰብ ይችላል። ለመካከለኛው ማስታገሻውን ብቻውን ወይም ከአንቲባዮቲክ ጋር መጠቀም ይቻላል። ለከባዱ አንቲባዮቲክ መወሰድ አለበት፤ በተለይ አዚትሮማይሲን።

አዲሱ መለኪያ የተጓዡን ቃል ያከብራል። «እንዴት ነህ? ምን ማድረግ አቃተህ?» ብሎ ይጠይቃል። ላቦራቶሪ በሌለበት፣ ሐኪም በሌለበት፣ ሌሊት ሆቴል ውስጥ ሆኖ ማንም ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክኒኑ በትክክል ምን ይሠራል?

ወደ ትችቱ ከመግባታችን በፊት ክኒኑን እንወቀው። ሎፔራማይድ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤልጂየሙ የጃንሰን ኩባንያ የተሠራ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ኢሞዲየም» በሚለው የንግድ ስሙ ነው። በዘሩ ከሞርፊን ቤተሰብ ጋር ይዛመዳል፤ ኦፒዮይድ ነው። አንጀት ግድግዳ ውስጥ ያሉ ነርቮች ላይ ኦፒዮይድ የሚይዙ ተቀባዮች አሉ። ሎፔራማይድ እነሱ ላይ ሲቀመጥ አንጀት ይዘቱን ወደፊት የሚገፋበት መኮማተር ይቀንሳል። ይዘቱ ውስጥ ስለሚቆይ ውሃውና ጨው ወደ ደም ለመመለስ ጊዜ ያገኛሉ፤ የፊንጢጣ ጡንቻም ይጠብቃል።

ታዲያ የሞርፊን ዘመድ ከሆነ ለምን አያሰክርም? በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አለ። ሎፔራማይድ ወደ አንጎል ሊገባ ሲል ፓምፑ መልሶ ያስወጣዋል። በተፈቀደው መጠን መድኃኒቱ ሥራውን አንጀት ላይ ብቻ ሠርቶ ያልፋል። ከመጠን በላይ ሲወሰድ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ የልብ ምትን ሊያዛባ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ በሉ፦ ሎፔራማይድ ባክቴሪያ አይገድልም። ቫይረስም አያጠፋም። ተቅማጡን ያመጣው ነገር እዚያው ነው ያለው። ክኒኑ የሚቀንሰው ወደ ሽንት ቤት የምንሮጥበትን ብዛት ነው። የተለመደው የተጓዥ ተቅማጥ ያለ ምንም መድኃኒት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይሻላል። እንግዲህ በአብዛኛው ክኒኑ የሚያክመው ጉዞውን ነው ማለት ነው። ጉዞን ማከም ነውር አይደለም፤ ግን ስሙን ማወቅ ይገባል።

«ይውጣ» የሚለው ከየት መጣ?

«ተወው ይውጣ» የሚሉ ሰዎች እንዲያው ከመሬት ተነስተው አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ዱፖንት እና ሪቻርድ ሆርኒክ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳተሙ። በፈቃዳቸው የሺጌላ ባክቴሪያ ለተሰጣቸው ጥቂት አዋቂዎች ሎሞቲል የሚባል አንጀት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ሰጧቸው። ሺጌላ የአንጀትን ግድግዳ የሚወርር፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ትኩሳታቸው ረዘመ። መልእክቱ ግልጽ ይመስል ነበር፦ ወራሪ ባክቴሪያ ባለበት አንጀትን ማስተኛት ጠላትን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መተኛት ነው።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ከታይላንድ ሌላ ጥናት መጣ። የደም ተቅማጥ የያዛቸው 88 አዋቂዎች ሁሉም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተሰጣቸው፤ ከዚያ ግማሾቹ ሎፔራማይድ፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ጨመሩ። ሎፔራማይድ ያገኙት ተቅማጣቸው በአማካይ በ19 ሰዓት ሲቆም የሌሎቹ 42 ሰዓት ፈጀ። ሕመሙም አልተራዘመባቸውም።

ሁለቱ ጥናቶች ይጣላሉ? ብዙም አይጣሉም። በሁለተኛው ጥናት ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ታማሚዎቹም በሐኪም ዓይን ሥር ነበሩ። ሲነበቡ የሚሉት አንድ ነው፦ ደም ባለበት ማስታገሻ ብቻውን አይወሰድም፤ ከተወሰደም በሕክምና ሥር፣ ገዳዩ መድኃኒት አብሮ እያለ ነው። «ይውጣ» የሚለው ምክር ስለ ደም ተቅማጥ ሲነገር ጥሩ ጥንቃቄ ነው። ደምም ትኩሳትም የሌለበትን ጤነኛ አዋቂ «መርዙን አታፍነው» ብሎ ማስፈራራት ግን ሳይንሱ ካለው አልፎ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት፦ አንድ አንጀት፣ ሁለት ስም

አሁን ወደ መመሪያው እንመለስ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎንደር ላይ አንድ ላይ እራት በልተው አንድ ላይ ሆዳቸው ተበላሸ እንበል። ምልክታቸው አንድ ነው፦ ውሃማ ተቅማጥ፣ ትንሽ ቁርጠት፣ ደም የለም፣ ትኩሳት የለም። አንደኛዋ ዛሬ ዶርም ውስጥ ናት፤ ፈተናም ጉዞም የላትም። ሁለተኛዋ ሌሊት 11 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ በሚነሳው አውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች። ከፊቷ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። አውቶቡሱ የሚቆመው ሾፌሩ በፈቀደበት ነው፤ ረዳቱን «አቁምልኝ» ብሎ መለመን ደግሞ ለአንዲት ወጣት ልጅ እንዴት ያለ ጭንቀት እንደሆነ አገር ያውቃል።

በመመሪያው መለኪያ የመጀመሪያዋ «ቀላል» ተቅማጥ አላት። ሁለተኛዋ ዕቅዷ ስለተደናቀፈ «መካከለኛ» አለባት፤ እንዲያውም ጉዞው ከቀረ «ከባድ» ሊባል ይችላል። አንጀታቸው ውስጥ ያለው ነገር ግን አንድ ነው! የተለየው የአውቶቡስ ትኬቱ ነው። ትኬቱ ደግሞ በመመሪያው መሠረት አንቲባዮቲክ የመውሰድን በር ይከፍታል።

ለማስታገሻው ይህ አሠራር ትክክል ነው። ሁለተኛዋ ተማሪ ክኒኑን ብትወስድ ምክንያት አላት፤ የመጀመሪያዋ የላትም። ለአንቲባዮቲኩ ግን ስህተት ነው። አንቲባዮቲክ የሚወሰደው ባክቴሪያን ለመግደል ነው፤ ባክቴሪያውም ስለ አውቶቡሱ መነሻ ሰዓት የሚያውቀው ነገር የለም። መመሪያው በአንድ መሰላል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለክቷል፦ የበሽታውን ክብደትና የጉዞውን አስቸኳይነት።

ሁለተኛው ጉድለት፦ ደምም ትኩሳትም የሌለው ገዳይ

የጉዞ ምክሮች ሁሉ የሚያስተጋቡት አንድ ደንብ አለ፦ «ደም ወይም ትኩሳት ካለ ማስታገሻ ብቻህን አትውሰድ።» ጥሩ ደንብ ነው። ነገር ግን ከፊሉን የሚያየው በአንድ ዓይን ነው።

ኮሌራ ደም የለውም። ብዙውን ጊዜ ትኩሳት የለውም። የሆድ ቁርጠቱም ብዙ ላያስቸግር ይችላል። የሚታየው የሩዝ እጣቢ የሚመስል ብዙ ውሃ ነው፤ ሲከፋ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ አንጀት ውሃና ጨውን ከደም እየሳበ ወደ ውስጡ እንዲያፈስ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ሎፔራማይድ የወሰደ ሰው ምን ይሆናል? መውጫው ይጠባል፤ ውሃው ግን ከደም ሥር ወጥቶ አንጀት ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ሽንት ቤት መሄዱ ስለቀነሰ የተሻለው ይመስለዋል። ሽንት ቤት አለመሄድ ግን ፈሳሽ አለመጥፋት ማለት አይደለም።

መመሪያው ይህን ለምን ቸል አለ? የተጻፈው ለቱሪስት ስለሆነ ነው። በሆቴል የሚያድርና የታሸገ ውሃ የሚጠጣ ጎብኚ ኮሌራ የሚይዘው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ እንዲያ አይደለም። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በባሌ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። «አተት»፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የሚለው ቃል በሬዲዮና በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የምናውቀው ቃል ነው። ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለንግሥ፣ ለቀን ሥራ ከወረዳ ወረዳ የሚጓዘው ሰው ተጓዥ አይደለም እንዴ? ነው። ለእሱ የሚሆን ደንብ ግን ሦስተኛ መስመር ይፈልጋል፦ የምትሄድበት ወይም የመጣህበት አካባቢ አተት ካለ፣ ተቅማጡም እንደ ውሃ የሚወርድና የማያባራ ከሆነ፣ ክኒኑን ተወው፤ ኦአርኤስ እየጠጣህ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂድ።

ሦስተኛው ጉድለት፦ አንቲባዮቲኩ በቀላሉ መጣ

መመሪያው የአንቲባዮቲክን መዘዝ ያውቃል፤ ለቀላል ተቅማጥ አይሁን ያለውም ለዚህ ነው። «ለመካከለኛው ይቻላል» የሚለው ግን ሰፊ በር ነው።

የሄልሲንኪዋ ተመራማሪ አኑ ካንቴሌ እና ባልደረቦቻቸው 430 ፊንላንዳውያን ተጓዦችን ከጉዞ በፊትና በኋላ ሰገራቸውን መርምረው ውጤቱን በ2015 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የፈለጉት ኢኤስቢኤል የሚባል ኢንዛይም የሚያመርቱ፣ ብዙ አንቲባዮቲኮችን የሚያከሽፉ ባክቴሪያዎችን ነበር። ተቅማጥም ያልያዛቸው፣ አንቲባዮቲክም ያልወሰዱ ተጓዦች 11 በመቶው እነዚህን ባክቴሪያዎች ይዘው ተመለሱ። ተቅማጥ ይዟቸው አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት 21 በመቶ። ተቅማጥ ይዟቸው አንቲባዮቲክ ከወሰዱት 37 በመቶ።

በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎቹ ተቅማጥ የያዛቸውን ለይተው የወሰዱትን መድኃኒት አነጻጸሩ። ምንም ያልወሰዱት 21 በመቶ፣ ሎፔራማይድ ብቻ የወሰዱት 20 በመቶ፣ አንቲባዮቲክ ብቻ የወሰዱት 40 በመቶ፣ ሁለቱንም የወሰዱት ደግሞ 71 በመቶ። እርግጥ ይህ ተጓዦችን የመከታተል ጥናት ነው፤ ሰዎች በዕጣ አልተመደቡም፤ ሁለቱንም የወሰዱት ይበልጥ የታመሙት ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም የቁጥሮቹ አቅጣጫ ችላ የሚባል አይደለም። ማስታገሻው ብቻውን ጉዳት አልጨመረም፤ አንቲባዮቲኩ ግን በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ጠርጎ ለእነዚያ ቦታ የለቀቀ ይመስላል።

ይህን ይዘን ወደ እኛ መድኃኒት ቤት እንግባ። ሆዱን የታመመ ሰው ምን ብሎ ይገባል? «አሜባ ሳይሆን አይቀርም»፣ «ጃርዲያዬ ተነሳብኝ።» ምን ይዞ ይወጣል? ብዙ ጊዜ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲፕሮ፣ ፍላጂል ወይም ቲኒዳዞል። ድንገት የሚመጣ የመንገድ ተቅማጥ ግን በአብዛኛው መነሻው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ነው። ጃርዲያ የሚጠረጠረው ይበልጥ ተቅማጡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። ፍላጂል ቫይረስን አይነካም፤ ሲፕሮም ጃርዲያን አይነካም። እንግዲህ ሰው «ጠንካራ መድኃኒት» ያለውን ወስዶ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ምስጋናውን ለክኒኑ ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ሊሻለው የነበረ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

ሳቅ የሚያሰኘው ተቃርኖ ይህ ነው፦ ለብቻው ሲወሰድ ያነሰ ጣጣ ያለውን ማስታገሻ «መርዝ ያፍናል» ብለን እንፈራለን፤ ጣጣው ለጎረቤት የሚተርፈውን አንቲባዮቲክ ግን እንደ ከረሜላ እንገዛለን።

መመሪያው የሚያናግረው ማንን ነው?

በመመሪያው ውስጥ የሚታየው ተጓዥ ጤነኛ አዋቂ ነው። ከመሄዱ በፊት የጉዞ ክሊኒክ ሄዷል፤ ሻንጣው ውስጥ የታዘዘለት አዚትሮማይሲን አለ፤ የጤና መድን አለው። እንዲህ ያለ ሰው አለ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገራት ለእረፍት ወደ አገር ቤት የሚመጣው ወገናችን ግን ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። «የገዛ አገሬ ለመሄድ ምን ሐኪም ያስፈልገኛል?» ይላል። ለዓመታት ሲርቅ ሆዱ ለአካባቢው ጀርሞች የነበረውን ልምድ እንዳጣ አያስብም። ልጆቹ ደግሞ ያ ልምድ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም።

ልጆችን ካነሳን አንድ ታሪክ መረሳት የለበትም። በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ በፓኪስታን ሎፔራማይድ በጠብታ መልክ የተሰጣቸው ሕፃናት አንጀታቸው እንቅስቃሴውን አቁሞ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ የሞቱ ነበሩ። ጠብታውም ከገበያ ተነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥ ማስታገሻ ለሕፃናት እንዳይሰጥ ይመክራል። ስለዚህ የአባት ሻንጣ ውስጥ ያለው ኢሞዲየም የአባት ነው፤ ከፍሎ ለሕፃን መስጠት ክልክል ነው። ለልጅ የሚሰጠው ኦአርኤስና ዚንክ ነው፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ደግሞ ጡቱ ይቀጥላል።

ውሃው የት ገባ?

የመመሪያው ምክሮች በአብዛኛው የሚሽከረከሩት በመድኃኒት ዙሪያ ነው፦ ይህን ውሰድ፣ ያንን አትውሰድ። ለሀብታም አገር ጎብኚ ውሃ የማይጠየቅ ነገር ስለሆነ ይሆናል። በተቅማጥ የሚሞት ሰው ግን በአብዛኛው የሚሞተው ከውስጡ በሚወጣው ውሃና ጨው ምክንያት ነው።

አሪፉ ነገር እዚህ አለ። በተቅማጥ ጊዜም ቢሆን በአንጀት ሕዋሳት ላይ አንድ በር አይዘጋም። ኤስጂኤልቲ1 ይባላል። ይህ በር ግሉኮስንና ሶዲየምን አንድ ላይ ያስገባል፤ ውሃም ይከተላቸዋል። ስኳር ብቻ ወይም ጨው ብቻ ቢሰጡት ያን ያህል አይሠራም። ኦአርኤስ የዚህ በር ቁልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚመክረው ቅንብር ለአንድ ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው ይገባል፤ ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬትም ይጨመሩበታል። ፓኬቱ ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ለጥ ብለው ተለክተው፣ ይሟሟል። ጨው ማብዛት አደገኛ ስለሆነ በግምት አይደረግም።

ኦአርኤስ ተቅማጡን አያቆምም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው። ሥራው ማቆም ሳይሆን መተካት ነው። ሎፔራማይድ የወሰደም ያልወሰደም መጠጣት አለበት። ውሃው ከክኒኑ ጋር አማራጭ አይደለም፤ ከሁሉም በፊት የሚመጣ ነው። ፌጦ በሎሚ የሚወድ ሰውም ይውሰድ፤ ግን ፌጦ ውሃ አይተካም።

ታዲያ እንዴት እንወስን?

መመሪያውን ጥዬ ሌላ እንድትጠቀሙ አልልም። ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይታችሁ በቅደም ተከተል ጠይቁ ነው የምለው።

መጀመሪያ «ይጎዳኛል?»። ሰገራው ደም አለው? ትኩሳት አለ? ሆድ ተነፍቶ ጠንክሯል ወይም ሕመሙ በርትቷል? አካባቢው አተት አለበት፣ ተቅማጡስ እንደ ውሃ ይወርዳል? በቅርቡ አንቲባዮቲክ ከወሰድክ በኋላ የመጣ ነው? ታማሚው ሕፃን ነው? ከእነዚህ ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ ክኒኑ ይቅር፤ የአውቶቡስ ትኬቱ ቢቃጠልም ይቃጠል። ቦታው ጤና ጣቢያ ነው። እርጉዝ የሆነች፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰውም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቅ አይጀምር።

ሁሉም «የለም» ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ «ያስፈልገኛል?»። ቤት ከሆናችሁ፣ ሽንት ቤት ቅርብ ከሆነ፣ ቀኑ ነፃ ከሆነ አያስፈልግም፤ ጠጡ፣ ብሉ፣ ተኙ። ረጅም መንገድ፣ ፈተና ወይም በረራ ካለ ግን ክኒኑን መውሰድ ድክመት አይደለም። ለአዋቂ መጀመሪያ 4 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 2 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ አንድ ፍሬ ይጨመራል፤ ያለ ሐኪም ግን በቀን ከአራት ፍሬ አይበልጥም። ለመሥራት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መዋጥ፣ «አልሠራም» ብሎም በላዩ ላይ መደራረብ አያዋጣም። በሁለት ቀን ካልተሻለ፣ ወይም በመሃል ደም ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ክኒኑ ይቆምና ወደ ሐኪም ይኬዳል።

አንቲባዮቲኩስ? እሱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የሌለውም ሆን ተብሎ ነው። የሐኪም ውሳኔ ነው፤ የትኬት ውሳኔ አይደለም።

የ2017ቱ መመሪያ ተጓዡን «ምን ማድረግ አቃተህ?» ብሎ መጠየቁ መልካም አደረገ። ከዚያ በፊት ግን ሰገራውን አይቶ፣ ግንባሩን ነክቶ፣ የመጣበትን ወረዳ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ለቱሪስቱ ብቻ ሳይሆን ለጎንደሯ ተማሪም ይበቃ ነበር። እስኪሻሻል ድረስ ያንን የመጀመሪያ ጥያቄ እናንተ ጨምሩበት።